ቀሪ ሦስት ብር

የጅማን ዝናብ ጠባይ የሚጠይቀኝ ሰው፣
መልሴ ሦስት ሳፋና አንድ ባልዲ ነው፤
ከአልጋዬ ራስጌ፣ ከማርመው ፈተና ላይ፣
ከሶፋው መደገፊያ፣ ከቁምሳጥኑ በላይ፣
ጣሪያው በየዓመቱ አዲስ ዓይን ያወጣል፤
እኔ ሳፋ ሳዞር ሌሊቱ ይነጋል።

ዘንድሮ ቆረጥሁ። ግንቦት ሳይጋመስ
አናጢ አስጠራሁ ከኮቺ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ፤
ነዚፍ አባ ራያ፣ አረማመዱ የድመት፣
ጣሪያውን ረጋግጦ «ስንት ዓመቱ ነው ይህ ቤት?»
«ሃምሳ ሁለት» አልሁት። ሳቀና «ታዲያማ፣
ይህ ጣሪያ አይደለም፣ ወንፊት ነው እማማ!»
(እማማ ያለኝ ነገር ከዋጋው በላይ አመመኝ።)

ሂሳቡን ጻፈልኝ በሲጋራ ካርቶን፦
ሰባ ቆርቆሮ፣ ባለ ሃያ ስምንቱን፣
ሚስማር ከነጎማው፣ ሞራሌው፣ ክፈፉ፣
አሸንዳው ለብቻ፣ ለብቻ ድካሙ፤
ከሁሉም በታች ግን «ሌላ» የሚል ነበር፣
ከጎኑ ቁጥር የለው፣ ከጎኑ የለው ብር።
«ይኸስ?» ብለው ጊዜ ጣሪያውን አየና አየው፣
«የተከደነውን ሳይገልጡት ማን አየው?»

ጎረቤቴ ዘምዘም ምክሯን አልነፈገች፤
«ቀኑን ሙሉ ቁሚ፣ ሚስማር ቁጠሪ» አለች፤
«ዕቃሽን አንድ ጥግ ሰብስበሽ ሸፍኚው፤
ምሳ አትሰስቺባቸው፣ ቀብዱን ግን ቆንጥሪው፤
ዝናብ እስኪፈትነው ጥቂት ብር ያዢበት።»

ማክሰኞ ነቀሉት።
የአሮጌ ሚስማር ጩኸት የጥርስ ያህል ያማል፤
ጥቀርሻ፣ የአይጥ ጎጆ፣ አቧራ ይዘንባል፤
የወንድሜ ኳስ ወረደ፣ ትንፋሹ ያለቀ፣
በሱ የተነሳ ሰፈር የተናነቀ።
እኩለ ቀን ላይ ቆምሁ ሳሎኔ መሐል፤
ራቁቱን የቀረ ቤት እንዴት ያሳፍራል!
የግድግዳው እድፍ፣ የፎቶው ቦታ ገርጥቶ፣
አላፊው ደመና አየው ቤቴ ገብቶ።

ነዚፍ ከላይ ጠራኝ፤ «ይምጡ ይዩት» አለኝ፣
ወራጁን በጣቱ እንደ ዳቦ ፈረፈረልኝ፤
«ምስጥ ነው። ስድስቱን መቀየር አለብዎት።»
ያ ዋጋ ያልነበረው መስመር ዋጋ ወጣለት።
ዕቁብ ሰብሳቢው ጋ ሄጄ ተራ ለመንሁ።

አንደኛው ወራጅ ግን፣ ምስጥ ያልደፈረው፣
በእርሳስ የተጻፈ ጎኑ ላይ ነበረው፦
«ሐምሌ ስድሳ አራት። ሽኩር ነኝ የሠራሁት።
ቀሪ ሦስት ብር።» ሌላ ቃል የለበት።
እኔ ተወልጄ እኔ የተዳርሁበት፣
አባቴ ታምሞ ያሸለበበት፣
ያ ሁሉ ዘመን ለካ ከዕዳ በታች ነበር!
አባቴ፣ ሰው ሁሉ «ቃሉ አይታጠፍ» የሚለው፣
ለምን አስቀረበት? ረስቶ ነው? አጥቶ ነው?
ወይስ እንደ ዘምዘም መክሮት ነው አንድ ሰው፣
ዝናቡን ጠብቆ፣ ሽኩር ሳይመለስ ቀርቶ?
መንደራም ጠየቅሁ፣ መርካቶም ጠየቅሁ፣
ሽኩርን የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ዝናብ ከጂሬን በኩል ወርዶ
ግማሹን ክፍት አገኘው፤ ያው እንደ ልማዱ።
ሰፈሩ ሸራ ይዞ ሮጠ፤ ፍራሼ ግን ራሰ።

ሐሙስ መዶሻ ዋለ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ
ሲገጥም የሚውለው ሰው፣ ሚስማር በአፉ ቋጥሮ፣
«አንድ ሞገድ ተኩል ደርብ፣ ምታው ጉብታው ላይ፤
ሸለቆው ላይ የመታ ውሃ ጠራ ከሰማይ»
ይላል ለረዳቱ፣ ለዳውሮው ልጅ ለባሳ።
እኔ አማርኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት ያለፈኝ
ቤት መምታት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ዐርብ አለቀ። ሦስት መቶ ብር ያዝሁበት፤
«መጀመሪያው ዝናብ ራሱ ይፍረድበት።»
ነዚፍ ሳቀ ብቻ። የቀረችውን ቆርቆሮ ሳይመታ
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ በዝግታ፣
በአዲሱ ወራጅ ጎን አንድ ነገር ጻፈ፤
ቆርቆሮው ተከደነ፣ መዶሻው አለፈ።

ቅዳሜ ሌሊት ዘነበ፤ ጣሪያው ጮኸ እንጂ አላነባ።
ሳፋዎቹ ደርቀው ግድግዳ ተደግፈው፣
እኔ ብቻ ነቃሁ፣ ጠብታ ስጠብቅ።
ምንም። ተነሥቼ ሦስቱን መቶ ቆጠርሁ፤
ከራሴ በላይ ግን ምን እንደተጻፈ
እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅሁ።